ባለ ሦስት ላባ አውራ ዶሮ

ኅዳር አሥራ ሁለት ነው፣ ጥራጊው ተከምሯል፤
ሊመሽ ሲል ይነዳል፣ ሰፈሩ ይታጠናል።
ሶስና ግን ገብታ ክምሩን ትበረብራለች፤
«ኧረ በሽታ ነው!» ብል፣ መች ትሰማለች።
ካርቶን ይዛ ወጣች፣ የመኮሮኒ ነበር፣
አንድ የቢራ ቆርኪ፣ ብጫቂ ጨርቅ፣ ቀይ ክር፣
ደግሞ ከጋሪ የወደቀ እፍኝ የጤፍ ጭድ።
«ለእሳቱ አልሰጥም» አለች፣ «ሥራ አለኝ።»

በራፌ ላይ ቁጢጥ ብላ «ጋሽ አሰን፣ እጅዎን» አለችኝ፤
ጨዋታ መስሎኝ ብሰጣት፣ ሕግ አነበበችልኝ፦
እጅ በካርቶን ላይ ተዘርግቶ በእርሳስ ይዞራል፣
አውራ ጣት አንገት ነው፣ የቀረው ላባ ይሆናል፣
በየላባው ላይ የምናመሰግነው ይጻፋል፣
«ደግሞም ከሽማግሌ ጋር ይሠራ» ተብሏል።

ሽማግሌ!
ዞር ብዬ አየሁ። ሌላ ሰው የለም።

ዘረጋሁት እንግዲህ። ይህ እጅ ይንቀጠቀጣል፤
እርሳሱ ሲከተለው መስመሩ ይዋዥቃል፤
ቦርከና በነሐሴ ዳሩን እንደሚበላው
ዙሪያው ሁሉ ተሸራርፎ ሳየው
አፈርኩ። «ይጥፋና እንደገና» ብላት፣
«ላባ መቼ ቀጥ ይላል? በዚያ ላይ ነፋስ አለበት።»

እጄን ሳነሳ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።
«አንድ ላባ ጎደለ» አለች።
«ሌባ ጣቴ ነበር» አልኳት፣ «ሌባ ሰረቀው።»
ሳቀች። ኋላ ጉቶውን አየችና ሳቁን ዋጠችው።

ለልጅ እንዴት ይነገራል? ትንሽ ትንሹን ነገርኳት፦
የጨርቃ ጨርቁን ፋብሪካ፣ የሌሊቱን ፈረቃ፣ የማሽኑን ጩኸት፣
እንቅልፍ ሲያንገላጅጀኝ እጅጌዬ የተያዘበትን ሰዓት፣
ጥላዬ የሚባል ጓዴ ሮጦ መብራቱን ባይቆርጠው
ጣቴን ብቻ አይደለም፣ ክንዴን ሙሉ ነበር የሚወስደው።

ያልነገርኳት አለ።
ከሆስፒታል ስወጣ ብርቱካን ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር፤
«ዘገየህ» አልኩት። ይኸው ነው። ሌላ ቃል አልነበር።
ብርቱካኑን መሬት አስቀመጠ፣ ሄደ።
ሃያ ስድስት ዓመት፣ እዚሁ ኮምቦልቻ፣ በአንድ አስፋልት፣
እርሱ በዚያ ጥግ፣ እኔ በዚህ ጥግ ስንሄድበት።

ዱቄት በውሃ በጥብጠን ሙጫ አበጀን፤
ቀመሰችው፤ አልከለከልኩም።
ጭዱን ለጅራት፣ ጨርቁን ለጉትዬው፣ ቆርኪውን ለዓይን።
ቀዩን ክር በየላባው ዙሪያ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤
ክር ሲይዝ ይህ እጅ
አይንቀጠቀጥም።

በመጀመሪያው ላባ «እማዬ» ብላ ጻፈች።
ለሁለተኛው «አልሃምዱሊላህ በይ» ብላት፣ «እርሱ ሰው ነው?» አለች።
«የሰው ሁሉ ጌታ ነው።»
«እንግዲያ እኔም» ብላ ከሥሩ «ተመስገን» ጨመረች፣
ቦታ ጠቧት መጨረሻዋን ፊደል አጎነበሰቻት።
ሦስተኛው ባዶ ቆየ። እርሳሷን እየላሰች ጠበቀችኝ።
«ጥላዬ» አልኩ። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።
«ታዲያ ይድረሰው እንጂ!» ብላ ካርቶኑን አንስታ ወጣች፤
ሽማግሌውም ከኋላ።

ድልድዩን ስንሻገር ከተማው መጨስ ጀምሯል።
ጥላዬ ፊቱን ወደ ጭሱ አዙሮ ደጁ ተቀምጧል፤
ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ።
አልሰማሁም። አልጠየቅኩም እኮ፣ ማን ይነግረኛል?

ጭኑ ላይ አኖረችለት።
ጭዱን ዳበሰ። ቆርኪውን። «ዶሮ» አለ።
ከአንገቱ ተነስቶ ክሩን ፈለገ፣ አጣው፤
አልፎ ሄደና አገኘው።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
ተመለሰ። ጣቱን ባዶው ላይ አሳረፈ፣
አላነሳውም።

«አሰን» አለ።
«አቤት።»
«ዘገየህ።»

ጭሱ ነው ወይ ሳቁ፣ ሁለታችንም ሳል ያዘን፤
ብርቱካን ግን አልያዝኩም ነበር።

ሶስና ጊዜ የላትም። ነገ ለመምህሯ የምታሳየው ዶሮ
እዚህ ሰው ጭን ላይ ቀርቷል።
ከብብቷ ሌላ ቁራጭ ካርቶን አወጣች፣ እርሳሷን ላሰች፦
«እጅዎን ያምጡ፣ አባባ። የእርስዎስ
ስንት ላባ አለው?»